ከንድፉ ውጭ የሚቀረው ሰው

የአሠራር ሥርዓት ትንተና፣ ተማሪዎች በተለምዶ «ሲስተም አናሊሲስ» የሚሉት ትምህርት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም የንግድ ድርጅት ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያከናውን፣ መረጃ ከማን ተነሥቶ በማን እጅ አልፎ የት እንደሚያርፍ፣ ውሳኔ የት ላይ እንደሚሰጥና ጉዳይ የት ላይ እንደሚጓተት መርምሮ የተሻለ አሠራር የሚነድፍ የዕውቀት ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ዕውቀት ብዙውን ጊዜ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ በማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና በመሰል የትምህርት ክፍሎች ውስጥ እንደ አንድ ዋና ኮርስ የሚሰጥ ሲሆን፣ የእጅ ሙያ ያህል ተደርጎ ስለሚታይ ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ተንታኙ ገና ሥራውን ሲጀምር የሚወስነው የመጀመሪያ ነገር ማን በንድፉ ውስጥ እንደሚገባና ማን ከንድፉ ውጭ እንደሚቀር ስለሆነ፣ ትምህርቱ ሁለት ጥንታዊ ጥያቄዎችን ተሸክሞ ይመጣል፦ ሰውን በሠንጠረዥና በምልክት ወክሎ ማሰብ የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ ነው? ከንድፉ ውጭ ስለሚቀረው ሰውስ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄው በአማራ ክልል ለሚገኘው ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዞኑ መቀመጫ የሚገኘውና ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ተሂዶ ይፈለግ የነበረው ከፍተኛ ትምህርት ከገበያውና ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ተተክሏል። በአገሪቱ የመረጃ ሥርዓት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን የሚሠሩበት መንገድም የታወቀ ነው፤ በቡድን ሆነው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለምሳሌ የቀበሌ መታወቂያ አሰጣጥን፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሽያጭን ይመርጣሉ፣ ሠራተኞቹን ይጠይቃሉ፣ ቅጾቹን ይሰበስባሉ፣ ከዚያም በአንድ ምዕራፍ «ነባሩን ሥርዓት»፣ በሚቀጥለው ደግሞ «የታሰበውን ሥርዓት» ያቀርባሉ። ነባሩ ሥርዓት በአብዛኛው የሚገለጸው በጉድለቱ ነው፤ ወረቀት ይበዛበታል፣ ፋይል ይጠፋበታል፣ ጊዜ ይፈጃል ይባላል። የታሰበው ሥርዓት በንድፍ ሲቀርብ ደግሞ ሰው ክብ ራስና በቀጭን መስመር የተሣሉ እጅና እግር ያሉት ምልክት ሆኖ ከአንድ አራት ማዕዘን ሳጥን ጎን ይቆማል፤ ከሥሩ «ነዋሪ»፣ «መዝገብ ያዥ» ወይም «አስተዳዳሪ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሳጥኑም የሥርዓቱ ወሰን ይባላል። በዚያ ገጽ ላይ ምልክት ያልተሣለለት ሰው ለሥርዓቱ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

ይህን ማለት ትምህርቱን ማጣጣል አይደለም። ከዳንግላ ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ ተነሥቶ በገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚመጣ አርሶ አደር ፋይሉ ባለመገኘቱ «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚያጣው የአንድ ቀን የእርሻ ሥራና የመጓጓዣ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት እንደ ሰው ያየኛል የሚለው እምነቱም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ በሦስት ጠረጴዛ መዞሩ ቀርቶ በአንዱ እንዲያልቅ የሚያደርግ ተንታኝ ባልንጀራን መውደድ በዘመኑ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል አሳይቷል። ድኻን ማመላለስ በክርስትናም በእስልምናም በደል ነው፤ ቅዱስ ቁርኣን በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉትን አጥብቆ ሲያወግዝ፣ ሰው ሊያገኘው የሚገባውን በአሠራር ሽፋን መቀነስ በፈጣሪ ዘንድ የሚያስጠይቅ መሆኑን ያስተምራል። እንዲህ ከታየ ሥራን በሥርዓት ማስኬድ የአማና፣ ማለትም በአደራ የተሰጠን ነገር የመጠበቅ፣ አንድ ዘርፍ ነው። ችግሩ የሚመጣው አሠራሩን ለማቅለል ሲባል የተቀነሰው ነገር ሰውየው ራሱ ሆኖ ሲገኝ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነጥብ ላይ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ የሚመስሉ ታሪኮችን ይዟል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ያስቆጥራል፤ የጦር አለቃው ኢዮአብ ሐሳቡን ይቃወማል፣ ቆጠራው 9 ወር ከ20 ቀን ይፈጃል፣ ፍጻሜውም የ70 ሺህ ሰዎች ሞት ይሆናል። በኦሪት ዘኍልቍ ግን ሕዝቡ እንዲቆጠር ሙሴን የሚያዝዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በሁለቱም ቆጠራዎች የተመዘገበው ለጦርነት የደረሰ ወንድ በመሆኑ ልዩነቱ በተቆጣሪዎቹ ዓይነት ላይ አይደለም። አንዱ ቁልፍ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ይገኛል፤ በዚያ ሕግ መሠረት የሚቆጠር ሁሉ ስለ ነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፣ ባለጸጋው አይጨምርም፣ ድኻውም አያጎድልም። እያንዳንዱ በቍጥር ውስጥ ሲገባ ሕይወቱ የቈጣሪው ንብረት እንዳልሆነችና ዋጋዋም ከማንም ጋር እኩል እንደሆነች ይመሰከራል ማለት ነው። ዳዊት ያስቆጠረው ይህ ምስክርነት ሳይኖር የሠራዊቱን ብዛት ለማወቅ ነበር። ከዚህ በመነሣት መቍጠርና መመዝገብ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ኃጢአት የሚሆነው የተመዘገበው ሰው የመዝጋቢው መገልገያ ብቻ ሲሆን እንደሆነ መረዳት ይቻላል።

ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን ስለሚፈልግ እረኛ በወንጌል የተነገረው የጠፋው በግ ምሳሌ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። ለአሠራር ተንታኝ ከመቶ ባለጉዳይ ዘጠና ዘጠኙን በአግባቡ የሚያስተናግድ ሥርዓት እጅግ የተሳካ ሥርዓት ነው፤ የቀረው አንዱ «ልዩ ሁኔታ» ተብሎ በማስታወሻ ይታለፋል። ወንጌል ግን የእረኛውን ማንነት የሚለካው ለቀረው ለአንዱ ባደረገው ነው። ይህ ዘጠና ዘጠኙን መናቅ አይደለም፤ በመቶኛ የሚገለጽ ስኬት ተጠያቂነትን ሊያስቀር እንደማይችል የሚያስተምር ነው።

ሙያው ራሱ በታሪኩ ውስጥ ይህን ጥያቄ ከውስጥ አንሥቶታል። የአሠራር ሥርዓት ትንተና መልክ መያዝ የጀመረው ኮምፒውተር ከሳይንስ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ንግድ ሲገባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በሻይ ቤቶቹ የታወቀው የእንግሊዝ ድርጅት ላየንስ «ሌዮ» የተባለውን ኮምፒውተር ለዕለት ተዕለት የሒሳብ ሥራው ሲያውል፣ የመሥሪያ ቤትን ሥራ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለኮምፒውተሩ በሚገባ መንገድ የሚጽፍ ባለሙያ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው ማይክል ሐመር ነባሩን አሠራር በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ይህ ሐሳብ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም «ቢፒአር» በሚል ስም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያን መሥሪያ ቤቶች ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያዳረሰ በመሆኑ፣ የአዊ ዞን የመንግሥት ሠራተኛም ቃሉን ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ያውቀዋል።

ከፈላስፎቹ ወገን ግን ንድፍ ሰውን ከወሰኑ ውጭ ሊያስቀር እንደሚችል ማስጠንቀቂያው የመጣው ከሐመር ቀደም ብሎ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዌስት ቸርችማን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የሥርዓት አስተሳሰብን «ጠላቶች» አራት አድርጎ ቈጠራቸው፤ እነርሱም ፖለቲካ፣ ግብረ ገብ፣ ሃይማኖትና ውበት ናቸው። ጠላት ያላቸው በሥርዓት ንድፍ ውስጥ ገብተው የማያልቁ፣ ሁልጊዜ ከወሰኑ ውጭ ቆመው የሚሞግቱ በመሆናቸው ሲሆን፣ ተንታኙ እነርሱን ማጥፋት ሳይሆን መስማት እንዳለበት ያምን ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ቼክላንድ ደግሞ «ሥርዓት» በዓለም ላይ ተቀምጦ የሚገኝ ነገር ሳይሆን ሰዎች ዓለምን ለመመርመር የሚጠቀሙበት የማሰቢያ መንገድ ነው ሲል አስተማረ፤ ይህም ማለት በወረቀት ላይ የተነደፈው ቀበሌ ቀበሌው አይደለም፣ ስለ ቀበሌው የቀረበ አንድ አስተያየት ነው። የቸርችማን ደቀ መዝሙር የሆነው የስዊዘርላንዱ ቨርነር ኡልሪኽ እ.ኤ.አ. በ1983 እነዚህን ሐሳቦች ወደ 12 ጥያቄዎች አወረዳቸው፤ ከጥያቄዎቹ ዋናው በሥርዓቱ የሚነኩ ነገር ግን በንድፉ ሥራ ያልተሳተፉ ሰዎችን ማን ይመሰክርላቸዋል የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ የሚኖር እንዳልሆነ በገጠር መሬት ምዝገባ ታሪክ በግልጽ ይታያል። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ ባል ባለበት ቤት ይህ ማለት በተግባር የባል ስም ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ምዝገባ ግን የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስትን ስም ጎን ለጎን እንዲይዝ ተደረገ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ቦታም ተዘጋጀለት። ለንድፍ አውጪው ይህ የአንድ ተጨማሪ መስመርና የአንድ ተጨማሪ ሳጥን ጉዳይ ነው። በባንጃ ወይም በዳንግላ ወረዳ ባሏ ለሞተባት ወይም ለተፋታች ሴት ግን ያ መስመር በሽማግሌዎችና በፍርድ ቤት ፊት የምትቆምበት መሬት ነው፤ ስሟ ካልተጻፈ መብቷን የምታስረዳው በምስክር ሲሆን፣ ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ የባሏ ዘመዶች ናቸው። በምዝገባው ሂደት ነዋሪው የመረጣቸው የቀበሌ ኮሚቴዎች መሳተፋቸውና ውጤቱ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ በይፋ መገለጹም ኡልሪኽ የጠየቀውን ምስክርነት በተግባር የሚያሳይ ነው። የቅጽ ንድፍ የፍትሕ ሥራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ምሳሌ የዞኑ መለያ የሆነው የዴከረንስ ዛፍ ነው። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሩ አሲዳማ በሆነው መሬቱ ላይ ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክላል፣ ዛፉ ከፍ ሲል ከሥሩ ሣር አጭዶ ለከብት ያውላል፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉም በጆንያ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። አንድ ተማሪ ለዚህ የንግድ ሰንሰለት ሥርዓት ቢነድፍ ባለዛፉን፣ ነጋዴውን፣ የጭነት መኪናውንና ግብር ሰብሳቢውን በቀላሉ ያገኛቸዋል፤ ሁሉም ስም፣ ቍጥርና ደረሰኝ አላቸውና። በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ ሌሊቱን ጭስ እየዋጠ ከሰሉን የሚጠብቀው ወጣት፣ ችግኝ የምታፈላው ሴትና ከሚቀጥለው ተከላ በኋላ መሬቱን የሚረከበው ልጅ ግን ደረሰኝ ስለሌላቸው ከሳጥኑ ውጭ ይቀራሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን ያጠቃው የዝገት በሽታ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ የዛፍ ዝርያ ላይ መመካቱ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው ሲገልጥ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊደርስ የሚችለው በንድፉ ውስጥ ምልክት በማይኖራቸው በእነዚሁ ላይ ነው፤ ባለዛፉ መሬት ይቀረዋል፣ የቀን ሠራተኛው ግን ሥራ አጥቶ ይቀመጣል።

ይህ ሲባል የአካባቢው ነባር ሥርዓት ከዘመናዊው ይልቅ ፍጹም ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገረውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በዐድዋ ድል የፈረስን ውለታ እያሰበ አባላቱን ከቀበሌ ጀምሮ በአለቆች ያደራጀ ሰፊ ሥርዓት ነው፤ እንደ እድርና እንደ ጽዋ ማኅበርም ሰውን በስሙ፣ በአባቱና በመንደሩ ያውቀዋል፣ የጠፋውንም «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በስም መተዋወቅ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በሸክላ፣ በቆዳና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች በስማቸው እየታወቁ ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ስለዚህ ማግለል ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ልዩነቱ በመንደር የሚያገልለው ሰው የተገለለውን ፊት ለፊት ስለሚያየው ሊያፍር መቻሉ ነው፤ በንድፍ የሚያገልለው ግን ያገለለውን ሰው ላያውቀውም ይችላል፣ ንስሐ ለመግባትም ኃጢአቱን አያገኘውም።

ማግለል በጥቃቅን ነገሮች ውስጥም ይኖራል። ውጭ አገር ተሠርተው የሚመጡ ብዙ ሥርዓቶች «የቤተሰብ ስም» ካልተሞላ ቅጹን አያሳልፉም፤ የራሱን ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር የሚጠራ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም ስለሌለው የአያቱን ስም ያለቦታው የቤተሰብ ስም አድርጎ እንዲሞላ ይገደዳል። ዓመቱን በ12 ወር የሚቈጥር ሥርዓት ጳጕሜን የተወለደን ሕፃን በሌላ ቀን ይመዘግበዋል። አዊኛ በአማርኛ የማይገኙ ድምፆች ያሉት የአገው ቋንቋ በመሆኑ ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተቱም፣ ንድፍ አውጪው ካላሰበባቸው የዞኑ ተወላጅ በገዛ አገሩ መዝገብ ስሙን አጣምሞ ይጽፋል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አገሪቱ ለዚህ ሥራ ሕጋዊ መሠረት ጥላለች፤ ሕግ ግን የሚከለክለው በደልን እንጂ መርሳትን አይደለም፣ መርሳትን የሚፈውሰው የተንታኙ ሕሊና ነው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ከባድ ተቃውሞ አለ። ሁሉንም ሰውና ሁሉንም ሁኔታ አስገባለሁ የሚል ተንታኝ ሥራውን አይጨርስም፤ ወሰን የሌለው ንድፍ ንድፍ አይደለም፣ የወሰን መኖርም የሰው ዕውቀት ውሱን መሆኑን የሚያሳይ እንጂ ክፋት አይደለም። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልሱም ወሰኑን በማጥፋት አይገኝም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከዚህ ጋር የሚዛመድ ችግር በአንድምታ ትርጓሜ እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። አንድምታ አንድን የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እያለ በየተራ በተለያየ መንገድ የሚፈታ የትርጓሜ ስልት ነው፤ መምህሩ የመረጠውን ፍቺ ቢያስተምርም ሌሎቹን አይሰርዛቸውም፣ ተማሪው ከነልዩነታቸው ይቀጽላቸዋል፣ በሚቀጥለው ትውልድ የተሻለ የሚገልጥ ቢመጣም በሩ ክፍት ነው። የአሠራር ተንታኝም አንዱን ንድፍ መርጦ መሥራት ግድ ይለዋል፤ ያልመረጣቸውን አማራጮችና ያስቀራቸውን ሰዎች ግን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማቆየት ይችላል። ይህን ያደረገ ሰው ዕውቀቱን በትሕትና ይዟል፤ ተከታዩም ወሰኑን መልሶ የሚከፍትበትን ቁልፍ ትቶለታል።

እንግዲህ ትምህርቱ በእንጅባራም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ሊይዘው ከሚገባው ነገር አንዱ የቀሩትን ሰዎች መዝግቦ የማቆየት ልማድ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ በነባሩና በታሰበው ሥርዓት መካከል ሌላ ምዕራፍ ያስፈልጋል፤ በዚያ ምዕራፍ ተማሪው ሥርዓቱ የሚነካቸውን ነገር ግን ንድፉ ያላካተታቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፣ ለምን እንዳስቀራቸው ይገልጻል፣ ለእነርሱስ በሌላ በምን መንገድ እንደሚደረስ ይጽፋል። ነባሩን ሥርዓት ሲመረምርም መዝገብ ቤት ለሃያ ዓመት የቆየችውን ሠራተኛ የስሕተት ምንጭ አድርጎ ከመመልከት ይልቅ፣ በቅጹ ላይ ያልተጻፈውን፣ ማን መጻፍ እንደማይችልና ማን ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ የምታውቅ መምህር አድርጎ ሊጠይቃት ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ዕውቀት ነውና። ንድፉ ከመጽደቁ በፊትም ለባለጉዳዮቹ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በአማርኛም በአዊኛም፣ ሊነበብላቸውና «ማን ቀረ?» ተብለው ሊጠየቁ ይገባል።

ይህ ጥያቄ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ምናልባትም በመምህራን ፊት በሚቀርብበት ቀን ጽሑፉን ያልተጠናቀቀ ያስመስለዋል። ሰው ግን በማንኛውም ንድፍ የማይጠናቀቅ ፍጡር ነው፤ ይህንም ሃይማኖት በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል ስትል፣ ፍልስፍናም ለሌላ ግብ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ሊወሰድ አይገባም ስትል፣ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው መስክረዋል። የአሠራር ሥርዓት ትንተናን የተማረ ሰው ከሌላው የሚለየው ሳጥኑን አሳምሮ በመሣሉ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ሳጥኑን የሣለው እርሱ መሆኑን ሳይረሳ፣ ውጭ የቀረው ሰው መጥቶ ቢጠይቀው በስሙ ጠርቶ ለመመለስ ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱም ነው።